ብሮኮሊ በሐዋሳ ጓሮ፦ ከዘሩ ቀን እስከ ጎን ቡቃያው

የብሮኮሊ ዘር ማብቀል አይከብድም፤ የሚከብደው ራስ ማስያዝ ነው። በሐዋሳ ጓሮዎች የሚያጋጥመው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ ተክሉ እስከ ጉልበት ያድጋል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ባለቤቱን ያስጎመጃል፤ በመጨረሻ ግን የሎሚ ያህል ራስ ብቻ ያወጣል፣ ወይም በሳምንት ውስጥ ፈንድቶ ቢጫ አበባ ይሆናል። እዚያ ከደረሰ ዩሪያ ቢጨምሩ፣ ውሃ ቢያበዙ፣ መድኃኒት ቢረጩ የሚመለስ ነገር የለም። የራሱ ትልቅነት በአብዛኛው የተወሰነው ከሳምንታት በፊት፣ ችግኙ ገና አራት አምስት ቅጠል ሳለ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ መዝሪያው ቀንና ስለ ችግኙ በረዥሙ እናወራለን፤ ሌላው ሥራ ጎመን ተክሎ ለሚያውቅ ሰው ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

ለምሳሌ የምንይዘው አንድ መደብ ነው፦ ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ማለትም 6 ካሬ ሜትር። 22 ተክል ይይዛል። ለአንድ ቤተሰብ በቂ ነው፤ ለጎረቤትም ይተርፋል።

መጀመሪያ ቀኑን መቁጠር

ከብሮኮሊ የምንበላው ክፍል ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። ጥቅል ጎመን የሚጠቀልለው ቅጠሉን ስለሆነ ሙቀት ቢመጣበት ብዙ ጊዜ ዘግይቶም ቢሆን ይጠቀልላል። ብሮኮሊ ግን እምቡጥ ይዞ ሙቀት ካገኘው ወይ ተቻኩሎ ያብባል፣ ወይ እምቡጡ ይላላና በመሃሉ ቅጠል ይወጣበታል። ራስ በሚይዝባቸው ሦስት ሳምንታት የሚመቸው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው። እስከ 24 ድረስ ይታገሣል፤ የቀኑ ሙቀት 27ን አልፎ ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ችግሩ ይጀምራል።

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሁለት የሚመቹ ጊዜዎች አሏት። አንደኛው ኅዳር፣ ታኅሣሥና የጥር መጀመሪያ ነው። ቀኑ ሞቅ ቢልም ሌሊቱ 10 እና 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሚወርድ ተክሉ ሌሊት ያርፋል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነም በሽታ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ቀኑ በደመና ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ማጠጣቱም ይቀልላል፤ ነገር ግን ዝናቡ የቅጠልና የራስ መበስበስን ያመጣል። ለጀማሪ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። የካቲትና መጋቢት የከተማዋ ሞቃት ወራት ናቸው፤ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪን ይነካል። በእነዚህ ወራት ራስ እንዲይዝ የተዘራ ብሮኮሊ ድካሙን አይመልስም።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። ችግኙ በማፍያው ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይቆያል፤ ወደ መደቡ ከተዛወረ በኋላ እንደ ዝርያው ከ60 እስከ 75 ቀን ይፈልጋል። መስከረም 1 የተዘራ ጥቅምት 5 አካባቢ ይዛወራል፣ ከታኅሣሥ 5 ጀምሮ ይቆረጣል። በጾመ ነቢያት መካከል ስለሚደርስ ለጾም ገበታ እጅግ ይጠቅማል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት 10 ድረስ መዝራት ይቻላል፤ ከጥቅምት 10 በኋላ የተዘራው ግን የጥር መጨረሻና የየካቲት ሙቀት ውስጥ ይገባል። ለክረምቱ ከሆነ በሚያዝያ መጨረሻ ዘርተው በሰኔ መጀመሪያ ያዛውሩ፤ ነሐሴ ላይ ይደርሳል።

ሁሉንም 22 ተክል በአንድ ቀን አይዝሩ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ይደርስና ማቀዝቀዣም አይበቃው፣ ቤተሰቡም አይጨርሰው። ግማሹን መስከረም 1፣ ግማሹን መስከረም 20 መዝራት ይሻላል።

ዘሩ

በእርሻ ግብዓት መሸጫዎች የሚገኘው ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ስሙን ከማሳደድ ይልቅ ፓኬቱን ማንበብ ይልመዱ። ሦስት ነገር ይዩ፦ የታሸገበትን ዓመት፣ የሚደርስበትን ቀን ብዛት፣ ድቅል መሆን አለመሆኑን። የቀኑ ብዛት በአብዛኛው የሚቆጠረው ከመዝሪያው ሳይሆን ችግኙ ከተዛወረበት ቀን ነው፤ ይህን የሳተ ሰው አንድ ወር ተሳስቶ ይቆጥራል። ለሐዋሳ ፈጥነው የሚደርሱት፣ በ60 ቀን አካባቢ ያሉት፣ ይሻላሉ። ግሪን ማጂክ የሚባለው ድቅል ሙቀትን በመቻል ይታወቃል። ካላብሬዝ የድሮ የኢጣልያ ዝርያ ነው፤ ስሙም ከካላብሪያ የመጣ ነው። ዋናው ራሱ መካከለኛ ሆኖ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ የጎን ቡቃያ ይሰጣል፤ ለጓሮ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ዋልታም 29 ቅዝቃዜ የሚወድና የሚዘገይ ስለሆነ ለዚህ ከተማ አንመክረውም።

በ1 ግራም ውስጥ ወደ 300 ፍሬ አለ። ስለዚህ ትንሿ ፓኬት ለሁለት ሦስት ዓመት ትበቃለች፤ አፏን አጥፈው በደረቅ ማሰሮ ወይም በተከደነ ብልቃጥ ውስጥ፣ ከወጥ ቤት ሙቀት ርቃ ትቀመጥ።

ችግኙ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው

ብሮኮሊ ችግኝ ሳለ እድገቱ ከቆመ፣ ማለትም ከተጠማ፣ ከተራበ፣ ሥሩ ከተጨናነቀ ወይም በማፍያው ከቆየ፣ ዕድሜዬ አብቅቷል ብሎ ያለ ጊዜው ራስ ያወጣል። ያ ራስ የአዝራር ያህል ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢንከባከቡት አይሰፋም። ጥሩ ችግኝ ማለት አንድ ቀን እንኳ ሳይቆም ያደገ ማለት ነው።

በመሬት ላይ ዘርቶ መንቀል ይቻላል፤ ሲነቀል ግን ሥሩ ስለሚበጠስ ችግኙ ለሳምንት ያህል ይደነግጣል። ስለዚህ በየግል ዕቃው ማፍላት ይሻላል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡ። ጎኑን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ሰንጥቀው በክር መልሰው ይሰሩት፤ በሚተከልበት ቀን ክሩን ሲፈቱ አፈሩ ሳይፈርስ ይወጣል። ታቹን በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ይብሱ። ለ22 ተክል 30 ያዘጋጁ፤ ስምንቱ ለሚሞትና ለሚደክም መጠባበቂያ ናቸው።

አፈሩ ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ለ30 ዕቃ አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይበቃል። ጎመን ወይም ጥቅል ጎመን ከነበረበት ቦታ አፈር አይውሰዱ። ድብልቁን በወንፊት ነፍተው የፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍስሱበትና እስከ ማግስቱ ይቀዝቅዝ። ይህን የምንለው አንገቱ ላይ ጠቁሮና ቀጥኖ በአንድ ሌሊት የሚወድቀውን ችግኝ ለመከላከል ነው። ያ በሽታ ከአፈር የሚነሣ ሻጋታ ሲሆን በብዛት የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው፦ ያልጸዳ አፈር፣ ተጠጋግቶ መዝራት፣ ማታ ማታ ውሃ ማጠጣት።

በየዕቃው ሁለት ፍሬ በ1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩ። እስኪበቅል በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል ይሸፍኑት። ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል፤ ብቅ ባለበት ቀን ሽፋኑን ያንሡ። አንድ ሁለት ቀን ማዘግየት ችግኙን ረዥም፣ ነጭና አንገተ ቀጭን ያደርገዋል፤ እንዲህ የሆነ ችግኝ ነፋስ ይጥለዋል፣ ራሱም ደካማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ሙሉ ይምታው፤ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብቻ ቀላል ጥላ ይኑረው። የእንሰት ቅጠል በአራት እንጨት ላይ ማኖር ይበቃል፤ ብቻ ቅጠሉ ችግኙን ሳይነካ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች ቀጥሎ ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ደካማውን በመቀስ ይቁረጡ። አይንቀሉት፤ የሚቀረውን ሥር ያናጋል። ውሃ ጠዋት ጠዋት ነው፤ ላዩ ደረቅ መስሎ ከታች እርጥበት ካለው ይተዉት። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ ልብ ይበሉ፦ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ ሶዳማ ነው፤ ለችግኝ ሲደጋገም አፈሩን ነጭ ቅርፊት ያስይዘዋል። ለችግኝ የቧንቧ ወይም የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ፈዘዝ ካለ 1 ግራም ዩሪያ በ1 ሊትር ውሃ አሟሙተው ያጠጡትና ወዲያውኑ ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነ ይህ አያስፈልግም።

ለመዛወር የደረሰ ችግኝ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል አለው፣ ግንዱ ከእርሳስ አይበልጥም። ከእርሳስ ከወፈረ ዘግይተዋል። ስድስት ሳምንት ያለፈው ችግኝ ሲገዛም አይወሰድ፤ ትልቁ ችግኝ ቶሎ የሚደርስ ይመስላል፣ ያለ ጊዜው የአዝራር ራስ የሚያወጣው ግን እሱ ነው። ከመዛወሩ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ጥላውን ቀስ በቀስ አንሥተው ውሃውን በጥቂቱ ይቀንሱ። ይቀንሱ ስንል እስኪጠወልግ አይደለም።

መደቡ

ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ፍጁል ወይም ሰናፍጭ ያልተተከለበት ይሁን፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ትሉም በሽታውም የጋራ ነው። ቦሎቄ ወይም ሽንኩርት የነበረበት መደብ በጣም ጥሩ ነው።

የሐዋሳ አፈር በብዙ ሰፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋማ ነው። ለመቆፈር ይመቻል፣ ሥርም ይገባበታል፤ ውሃና ዩሪያ ግን አይይዝም። መድኃኒቱ የበሰበሰ ነገር ማብዛት ነው። በካሬ ሜትር 5 ኪሎ፣ ለመደቡ 30 ኪሎ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ያስፈልጋል። ከቡና መፈልፈያ የሚገኝ ገለባ በአካባቢው ሞልቷል፤ እንዳለ አይጨመርም። ከፍግ ጋር ተደርቦ፣ እየረጠበና እየተገለበጠ፣ ጠቁሮ የአፈር ሽታ እስኪኖረው ድረስ ሦስት አራት ወር ይብላላ። ትኩስ ፍግም እንዲሁ ሥር ያቃጥላል፣ ቆራጭ ትልንም ይጠራል።

ከመትከሉ ሁለት ሳምንት በፊት መሬቱን 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ፍጉን ያዋሕዱ፣ ያጠጡና ይተዉት። አረሙ ይበቅላል፤ በተከላው ዋዜማ በኩትኳቶ ያጠፉታል። ለበጋው ተከላ መደቡን ከፍ አያድርጉት፤ ከመተላለፊያው ጋር እኩል ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ጠርዝ ይኑረው። ከፍ ያለ መደብ በዚህ አፈር በጥቅምትና በኅዳር ነፋስ በአንድ ቀን ይደርቃል። ለክረምቱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

አመድ ለጎመን ይጠቅማል ተብሎ በብዛት የሚበተንበት ልማድ አለ። ብሮኮሊ ከ6 እስከ 7.5 ባለው የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ ይስማማዋል፤ በሐይቁ ዙሪያ ያለው አፈር ብዙ ቦታ ሶዳማ ስለሆነ አመድ መጨመር ሊያባብስ ይችላል። ባያደርጉት ይሻላል።

ተከላው

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም ደመና በሆነ ቀን ይትከሉ። ሁለት መስመር በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያስምሩ፤ በመስመሩ ላይ በተክልና በተክል መካከል 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሁለተኛውን መስመር ከመጀመሪያው ጋር ፊት ለፊት ሳይሆን በመሃሉ ያስገቡት። ማጠጋጋት ያጓጓል። በ30 ሳንቲ ሜትር የተተከለ ብሮኮሊ ራሱ ያንሳል፣ አየርም ስለማይዞር ቅጠሉ ይሻግታል።

በየጉድጓዱ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ፣ ወደ 5 ግራም፣ ጨምረው በአፈር ሸፍኑት፤ ሥሩ ማዳበሪያውን በቀጥታ አይንካ። ለመደቡ በሙሉ 110 ግራም ይበቃል። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ሰልፈር የያዘ ሲሆን ሰልፈሩን የጎመን ዘመዶች አጥብቀው ይፈልጉታል። ቦሮን የተጨመረበት ኤንፒኤስቢ ካገኙ እሱን ይምረጡ፤ ምክንያቱ ስለ ክፍተ ግንድ፣ ማለትም መሃሉ ባዶ ስለሚሆን ግንድ፣ ስናወራ ይመጣል።

የሃይላንዱን ክር ፈትተው ችግኙን እስከ ታችኛው ቅጠል አንገት ድረስ አስጥመው ይትከሉ፣ ዙሪያውን በጣት ጠበቅ ያድርጉ፣ ወዲያውኑ ግማሽ ሊትር ውሃ ያጠጡ። ግንዱን 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወፍራም ወረቀት ይጠምጥሙት፤ ግማሹ አፈር ውስጥ፣ ግማሹ ከላይ። ቆራጭ ትል ሌሊት ወጥቶ ግንዱን በአፈር ልክ ይቆርጣል፤ ይህ ወረቀት ይከለክለዋል። ጠዋት የተቆረጠ ችግኝ ካገኙ በዙሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሩን ይጫሩ፤ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል እዚያው ያገኛሉ።

ከአምስት ቀን በኋላ መደቡን በጉዝጓዝ ያልብሱ። የጤፍ ጭድ ጥሩ ነው። ከመስቀል በዓል የተረፈ ቄጠማም በደንብ ከደረቀ በኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይዘርጋ፤ ግንዱን እንዳይነካ አራት ጣት ይራቅ። በበጋ ይህ ጉዝጓዝ ውሃውን በግልጽ ይቆጥባል። ብሮኮሊ ሥሩ ከላይ የተዘረጋ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በጥልቀት መኮትኮት ጉዳት ነው፤ አረሙን በእጅ ይንቀሉ።

ውሃና ዩሪያ

በበጋው ወራት ይህ መደብ በሳምንት 200 ሊትር፣ ማለትም 10 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይጠጣል። በሦስት ቀን ተከፋፍሎ ይሰጥ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል፤ አንድ ቀን የተረሳ ለት ተክሉ ይወድቃል። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ቢከቱ እርጥበት ካልተሰማዎት ጊዜው ደርሷል። በክረምት ዝናቡን አይተው ይቀንሱ፤ ብዙ ሳምንት ጭራሽ አያስፈልግም። ራሱ ብቅ ካለ በኋላ ውሃ ከላይ አይፍሰስበት፤ ሥሩ ላይ ብቻ ይሁን።

ዩሪያ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከተዛወረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሁለተኛ ደግሞ ከመሃል ቅጠሎቹ መካከል የሃምሳ ሳንቲም ያህል ራስ ሲታይ። በየጊዜው ለአንድ ተክል ያልሞላ የሻይ ማንኪያ፣ ወደ 3 ግራም፣ ከግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ በክብ ተበትኖ በአፈር ይሸፈን፣ ከዚያ ይጠጣ። ሳይሸፈን ከቀረ ከፊሉ ተንኖ ይሄዳል። ሁለተኛውን ዙር እጥፍ ማድረግ ራሱን እጥፍ አያደርገውም። የሚያመጣው ክፍተ ግንድ ነው፦ ራሱ ሲቆረጥ የግንዱ መሃል ባዶና ቡናማ ሆኖ ይታያል። መንስኤው በዩሪያ ተገፍቶ ከልክ በላይ መፍጠን ወይም የቦሮን እጥረት ነው። አሸዋማ አፈር ቦሮን አይይዝም፤ ኤንፒኤስቢን ያስቀደምነውም ለዚህ ነው። ክፍቱ ያልበሰበሰ ከሆነ ራሱ ይበላል።

ትልና ክሽክሽ

በዚህ አካባቢ የብሮኮሊ ዋና ጠላት የጎመን እሳት እራት ትል ናት። ርዝመቷ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቀጭንና አረንጓዴ ናት፤ ሲነኳት ትወራጭና በክር ተንጠልጥላ ትወርዳለች። ቅጠሉን ከጀርባው በኩል ትግጥና የላዩን ስስ ቆዳ እንደ መስኮት ትተወዋለች። ይህች ትል በዓለም ዙሪያ ለብዙ ፀረ ተባይ መድኃኒት እጇን አልሰጥ በማለት የታወቀች ስለሆነች በየሳምንቱ መድኃኒት መርጨት መልስ አይደለም፤ ትሏ ትለምደዋለች፣ ጠላቶቿ ብቻ ይሞታሉ። 22 ተክል ላለው ሰው ከሁሉ የሚበልጠው እጅ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የቅጠሉን ጀርባ እያዩ መጨፍለቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የተቀደደና ከአልጋ የወረደ አጎበር ቢኖር ሰፍተው በቅስት እንጨት ላይ መደቡን ከተከሉበት ቀን ጀምሮ ቢሸፍኑት እሳት እራቷ እንቁላል መጣያ ታጣለች። ለሰው የሚያገለግለውን አጎበር ለዚህ አያውሉ፤ ሐዋሳ የወባ አገር ናት። ክሽክሽ ግን በአጎበሩ ቀዳዳ ይሾልካል።

ትሉ በዝቶ ከእጅ በላይ ከሆነ የኒም ፍሬ ይሠራል፦ የ50 ግራም የተፈለፈለ ደረቅ ፍሬ ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ ሌሊቱን ያድራል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ይጨመርበታል፣ ከ11 ሰዓት በኋላ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ይረጫል። ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያጠፋው የጠዋት ርጭት ከንቱ ነው። በየ7 ቀኑ ይደገማል።

ክሽክሹ ግራጫ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በለጋው ቅጠል ውስጥ ተከማችቶ ይጠቀልለዋል። አደጋው ራሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ራስ ከመያዙ በፊት የነበረው ሳምንት ወሳኝ ነው። ጥቂት ከሆነ በጣት ይጨፍልቁት። ከበዛ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው በደንብ እስኪርስ ይርጩ፤ አስቀድመው ሁለት ቅጠል ላይ ሞክረው እስከ ማግስቱ ያቃጠለ መሆኑን ይዩ። ከክሽክሹ መካከል ያበጡና ቡናማ የሆኑ ካሉ አይንኳቸው፤ ጥቃቅን ተርቦች እንቁላል የጣሉባቸው ናቸው፣ ከእነሱ የሚወጣው ለእርስዎ የሚሠራ ነው። ቀይ ሆና ጥቁር ነጥብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛም እንዲሁ ወዳጅ ናት።

በክረምቱ ተከላ የቅጠሉ ጠርዝ ላይ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚያመለክት ባለ ሦስት ማዕዘን ቢጫ ካዩ፣ ውስጡም ደም ሥሩ ጠቁሮ ከሆነ፣ ጥቁር ብስባሽ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም። በዘር ይመጣል፣ በዝናብ ጠብታ ይዛመታል። ተክሉን ነቅለው ከጓሮው ያውጡ፤ ወደ ኮምፖስት አይጨምሩ፤ ቅጠል እርጥብ ሳለም በመደቡ ውስጥ አይዘዋወሩ። ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣም የክረምት እንግዳ ነው፤ ሌሊት በባትሪ መልቀም ወይም በሰፊ ክዳን ቢራ ሞልቶ በአፈር ልክ መቅበር ይቀንሰዋል።

በአሞራ ገደልና በሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች ጦጣ አለ። ራስ የያዘ ብሮኮሊ አይምርም፤ ከአጥር በላይ የሚረዳው መደቡን በጠንካራ የሽቦ መረብ መሸፈን ነው።

ራሱ ሲበላሽ ምን ማለቱ ነው

ራሱ ትንሽ ሆኖ ከቀረና ተክሉም ትንሽ ከሆነ ችግኙ ቆይቷል ወይም ተጠምቷል። ተክሉ ትልቅ ሆኖ ራሱ መሃል ላይ ቅጠል ካወጣ ሙቀት መትቶታል። እምቡጦቹ እዚህም እዚያም ቡናማ ከሆኑ ሙቀት ላይ የውሃ መቆራረጥ ተደርቦበታል፤ እነዚያን ክፍሎች ቆርጠው ጥለው የቀረውን ይብሉት። ላዩ ጠቁሮ ለስላሳና የሚሸት ከሆነ ውሃ ከላይ ቆሞበታል። ተክሉ ትልቅና አረንጓዴ ሆኖ ራስ ከናካቴው ካላወጣ ብዙ ጊዜ የዘገየ ዝርያ ነው ወይም ዩሪያ በዝቶበታል፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይጠብቁት።

እንደ አበባ ጎመን ቅጠሉን በራሱ ላይ ማሰር ለብሮኮሊ አያስፈልግም። አረንጓዴነቱ የሚመጣው ከፀሐይ ነው።

ቆረጣው

የሃምሳ ሳንቲም ያህል ራስ ከታየ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። በመጨረሻው ሳምንት በየቀኑ ጠዋት ይዩት። መለኪያው ስፋቱ ሳይሆን ጥብቀቱ ነው፦ እምቡጦቹ ጥቃቅን፣ ከክብሪት ራስ ያነሱ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ከሆኑ ይቆያል፤ ዳር ዳሩ መላላት ከጀመረ፣ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ በዚያው ቀን ይቁረጡት። ትንሽ ይስፋ ብሎ መጠበቅ በሐዋሳ ፀሐይ በሁለት ቀን ቢጫ አበባ ያሳያል። ቢጫው የሚጎዳ አይደለም፤ ይመራል ብቻ።

ጠዋት፣ ጤዛው ሳይነሣ፣ በስለታም ቢላዋ ከራሱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ግንዱን በሰያፍ ይቁረጡ። ሰያፍ የሚሆነው ውሃ በጉቶው ላይ ቆሞ እንዳያበሰብሰው ነው። ራሱን ወዲያውኑ ወደ ጥላ ያስገቡ። በክፍል ሙቀት በአንድ ሁለት ቀን ይበልዛል፤ ሳይታጠብ በተበሳ ፌስታል ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከመሠራቱ በፊት በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ራሱን ገልብጠው ለ20 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ የተደበቀ ትል ይወጣል። ግንዱንም አይጣሉት፤ ውጫዊ ልጣጩ ሲነሣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ለጋ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይከተፋል።

ተክሉን ግን እንዳይነቅሉት። ዋናው ራስ ሲነሣ በየቅጠሉ ብብት ያሉት ቡቃያዎች ይነቃሉ። በዚያው ሳምንት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ይስጡትና ውሃውን አያቋርጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአውራ ጣት ያህል ትናንሽ ራሶች ይመጣሉ፤ በየሦስት አራት ቀኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ግንድ ይዘው ይቆረጣሉ። ጥር አልቆ ሙቀቱ እስኪገፋቸው ድረስ ከአንድ ወር በላይ ይሰጣሉ። ማፍራታቸው የሚቆመው ቡቃያው ሲያብብ ስለሆነ የማይበሉትንም ቢሆን ይቁረጡት።

ዘር ለማስቀረት ብሎ ማስፈንዳት አይመከርም። ድቅሉ የእናቱን አይመልስም፤ ድቅል ያልሆነውም በአቅራቢያው ካበበ ጥቅል ጎመን ወይም አበባ ጎመን ጋር ይዳቀላል።

የካቲት ሲገባ ተክሉን ከነሥሩ ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ። ነጭና ክር መሰል ከሆነ ከትፈው ወደ ኮምፖስት ይጨምሩት። እንደ ዝንጅብል ያበጠ ወይም ጉጥ ጉጥ ያለ ከሆነ ግን አውጥተው ያቃጥሉት፣ ዶማውንም ይጠቡ፤ በዚያ መደብ ላይ ለብዙ ዓመት የጎመን ዘር አይተከል። ጤናማው መደብ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ቦሎቄ ይቀበላል፣ ቀጥሎ ካሮት ወይም ቀይ ሥር፤ ብሮኮሊ ወደዚያው ቦታ የሚመለሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።